የክንፍ ዱቄት

ሺታዬ ሰው ጥያቄ ሲጠይቃት አትወድም። መንገድ ላይ እንኳ «ከየት ነው?» ያላት ሰው ካለ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ ታደርግና ትንሽ ቆይታ «ከዚሁ» ትላለች። ካለፈች በኋላም መልሱ ልክ ይሁን አይሁን እያሰላሰለች ነው የምትሄደው። ከልጅነቷም እንዲህ ናት። እናቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ይቺ ልጅ አፏን ወሎ ጥላው ነው የመጣችው» ይሉ ነበር።

ከወሎ የመጣችው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው፤ ገና ጡት ሳትጥል፣ በእናቷ ጀርባ። ስለዚህ ወሎን አታውቀውም። የምታውቀው አገር ይሄው ጋምቤላ ነው። ሙቀቱን፣ ክረምት ሲገባ እግር ይዞ አልለቅ የሚለውን ጥቁር አፈር፣ ከመንደሩ በታች ሰው የሚውጠውን ሣር፣ እና በቆሎውን ታውቃለች። በቆሎውን በተለይ። በሰፈራ መንደሯ ማሽላም ይዘራል፣ ሰሊጥ የሚሞክርም አለ፤ ዓመቱን የሚያሻግረው ግን በቆሎ ነው። በቆሎው ከከዳ ሰው ጆንያውን አጣጥፎ ይዞ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ በር ላይ የእርዳታ ስንዴ ሊሸምት ይቆማል። ቆሞም የሚያገኝ አለ፣ የማያገኝ አለ።

እንግዲህ ይህን በቆሎ የሚጠብቅ አንድ ባልዲ አለ። ባልዲው ከሺታዬ ማሳ ዳር በእንጨት ላይ ተሰቅሏል። ከላይ ክዳን አለው፣ ከክዳኑ ሥር የእሳት እራት የሚገባበት ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ላይ ደግሞ ጣት የማትሞላ ጎማ። ጎማዋ ለሰው አትሸትም። ለወንዱ የእሳት እራት ግን ሴት ሴት ትሸተዋለች፤ እሱም ሴት ያገኘ መስሎት ሲገባ እዚያው ይቀራል። ባልዲውን ያመጣው ኦኬሎ ነው፣ የግብርና ሠራተኛው። ኦኬሎ የአኙዋ ልጅ ነው፤ ብዙ ቀበሌ ስላለበት እንደ ልቡ አይመጣም። ሺታዬን የመረጣት ቤቷ ለባልዲው ስለሚቀርብ ነው። እሷ እንቢ ማለት አፍራ ነው እሺ ያለችው።

ከባልዲው ጋር አንድ ካርቶን ሰጣት፤ ሁለት ሥዕል አለበት። አንደኛው የእሳት እራት የክንፉ ጫፍ ላይ ነጭ ጠብታ አለው። መሀል ክንፉ ላይ ደግሞ የስንዴ ፍሬ የምታህል የገረጣች ምልክት ጋደል ብላ ተኝታለች። ከሥሩ «ይህ ነው» ይላል። መጤው ተምች የሚፈለፈለው ከዚህኛው ነው። ሁለተኛው እንዲሁ ቡናማ ሆኖ ነጭ የለውም። «ይህ አይደለም» ይላል። ሺታዬ ፊደል የቆጠረችው ሦስት ልጅ ወልዳ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እነዚህን ሁለት ጽሑፎች ግን ሳትፈልግ በቃሏ ይዛቸዋለች።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ነጩ ከበዛ ለኦኬሎ ትደውላለች፣ እሱ መድኃኒት ያመጣል፣ ተምቹ ከእንቁላል ወጥቶ በበቆሎው እምብርት ሳይቀበር ይረጫል። ከተቀበረ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት አፈር እንደ መርጨት ነው። ሁሉም ነገር ጠዋት ጠዋት ሺታዬ ባልዲው ውስጥ በምታየው ላይ ነው ማለት ነው።

አምና ሺታዬ ተሳሳተች።

ክንፉ ላይ ገርጣ ያለ ነገር አየችና ነጭ መሰላት። ደወለች። መድኃኒቱ መጣ፣ መንደሩ ተረጨ፣ ተምች ግን አልነበረም። የሞቱት የጋሽ ሷሊህ ንቦች ናቸው። ጋሽ ሷሊህ ከማሳቸው ዳር ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በማግሥቱ ከቀፎዎቹ ሥር ንቡ እንደ ፈሰሰ ኑግ ተከምሮ አገኙት። ጋሽ ሷሊህ ባዶ ቀፎዎቹን አውርደው ቤታቸው ገቡ። ሚስታቸው ዘኪያ ግን ወፍጮ ቤት ተሰልፈው ሳለ፣ ለማንም ሳይሆን ለጣራው እንደሚናገር ሰው፣ «የሺታዬ ዓይን ከመድኃኒቱ ይልቅ ይገድላል» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ሺታዬም አብራ ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን እህሉን ሳታስፈጭ መመለሷን ያወቀችው ባሏ አስማረ ሲጠይቃት ነው።

ዘንድሮ ታዲያ እንዳትሳሳት ቆረጠች። እህል ሲመረጥ መጀመሪያ ይበጠራል፤ ገለባው ሳይወጣ ፍሬው አይለይም። እሷም የባልዲውን ሬሳ ሰፌድ ላይ ገልብጣ አንገዋለለችው፤ የቅጠል ቁርጥራጩን፣ የተሰባበረውን እግር ለይታ ጣለች። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሳች በነጠላዋ ጫፍ ክንፋቸውን ጠረገች። ግራጫ አቧራ ነበረባቸው። እሱን ጠርጋ፣ እፍ ብላ፣ ከካርቶኑ ሥዕል ጋር አስተያየችው። ነጭ የለም። ሌላውን ጠረገች። ነጭ የለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ደብዛዛ፣ አንዳንዱ እንዲያውም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በውስጡ የሚያሳይ ሆነ። ደስ አላት። ለኦኬሎ ደውላ የለም አለችው። በየሳምንቱ ደወለች፣ በየሳምንቱ የለም አለችው፤ እሱም ተመስገን እያለ ዘጋ።

አንድ ጊዜ ራሱ ኦኬሎ ሞተሩን ጭቃ ውስጥ ትቶ በእግሩ መጣ። ሰፌዱ ላይ የተደረደሩትን ጎንበስ ብሎ አየ። «ማዘር፣ አንቺ ንጹህ አድርገሽ ትሠሪያለሽ» አላት። «ሌላ ቦታ እኮ ከነቆሻሻው ነው የሚያሳዩኝ።» ነጭ ፈለገ፤ እሱም አላገኘም። ሺታዬ አንድ ነገር ልትለው ፈልጋ ነበር። ባልዲው ከቀን ወደ ቀን እየከበደ መጥቷል፤ ጠዋት ስታወርደው በውስጡ ያልሞቱት ሲርመሰመሱ ድምፁ ደረቅ ቅጠል እንደሚረግጥ ሰው ነው። ይህን ያህል ከየት ነው የሚመጣው? ግን እንዴት ብላ እንደምትጀምረው ስታስብ ኦኬሎ ጫማውን አጥልቆ ተነሳ። ካርቶኑ ስለ ብዛት አይልም፤ ስለ ነጭ ነው የሚለው። ሰፌዱን አነሳች።

በዚያው ሰሞን አስማረ ከማሳ ሲገባ አንድ የበቆሎ ቅጠል ይዞላት መጣ። ቅጠሉ አልተቀደደም፤ አረንጓዴው ብቻ በጥፍር እንደተፋቀ ተልጦ እዚህም እዚያም ብርሃን ያስገባል። ወደ በሩ ብርሃን ሲያነሳው የእጁ ጣቶች በመስኮት እንደሚያዩት በውስጡ ታዩዋት።

«ምንድን ነው?» አላት።

«አይደለም» አለች ሺታዬ።

«ምኑ?»

«እሱ አይደለም። ባልዲው ውስጥ ነጭ የለም።»

አስማረ ሚስቱን ያምናል። ቅጠሉን ለፍየሏ ጣለላት። ፍየሏ አሸተተችውና ተወችው። ለምን እንደተወችው ሺታዬ አልገባትም፤ ሌሊቱን ግን ስትገላበጥ አደረች።

ነገሩ የወጣው ዘኪያ ሰፌድ ልትዋስ የመጣች ቀን ነው። ከአምናው ወዲህ መኳረፍ ባይሉትም ሁለቱ ሴቶች እንደ ድሮው አልነበሩም። ዘንድሮ ጋሽ ሷሊህ እንደገና ቀፎ ሰቅለው ንብ ገብቶላቸዋል፤ ስለዚህ ዘኪያ ስትገባ ሰላምታዋም ነገር ነገር ይላል። ዝናቡ ለጊዜው ቆም ብሎ ጣራው ይንጠባጠባል። ሺታዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣ እንደ ወትሮዋ ትጠርጋለች።

«ዛሬስ ማንን ልታስገድዪ ነው?» አለች ዘኪያ፣ ጫማዋን ከጭቃው እየነቀለች።

ሺታዬ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ሰፌዱን እስክትጨርስ እንድትጠብቅ ነገረቻት። ዘኪያ ጎኗ ቁጢጥ ብላ ስታያት ቆየችና፣ «እጅሽን ምን ነካው? ሲሚንቶ ስታቦኪ ነው የዋልሽው?» አለቻት።

ሺታዬ እጇን አየች። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ እስከ አንጓው ግራጫ ናቸው፣ እያንጸባረቁ። የነጠላዋም ጫፍ እንዲሁ ሆኗል።

«አቧራ ነው» አለች። «ክንፋቸው ላይ የነበረ።»

«የምን አቧራ?»

«እንጃ፣ የመንገድ።»

ዘኪያ ሳቀች። «በዚህ ጭቃ? እኔ አሁን እስክመጣ ጉልበቴ ድረስ ስሰምጥ ነበር። አቧራ ካየን ስንት ጊዜያችን ነው። ወይስ ለአንቺ ብቻ ነው የሚቦነው?» ልትቀጥል ነበር፤ የሺታዬን ፊት ስታይ ግን ሳቋ በመሀል ቀረ።

ሺታዬ ተነሳች። ወደ ባልዲው ሄደች፤ ዘኪያም ነገሩ ሳይገባት ተከተለቻት። ከባልዲው የውስጥ ግድግዳ ላይ ገና ያልሞተ አንድ የእሳት እራት ነበር። ሺታዬ ክንፉን ሳትነካ በሆዱ ያዘችው። ወደ ብርሃኑ ዞራ አየችው። ጫፉ ላይ ነጭ አለ። መሀሉ ላይ የስንዴ ፍሬዋ ጋደል ብላለች። ካርቶኑ ላይ እንዳለው ቁልጭ ያለ ነው። ከዚያ በአውራ ጣቷ፣ በየቀኑ እንደምታደርገው፣ አንድ ጊዜ ክንፉን ጠረገችው። ነጩም ስንዴዋም ጣቷ ላይ ቀረ። በእጇ ውስጥ የቀረው ያ ሰፌዱ ላይ የተደረደረው ደብዛዛ ነገር ነው።

«ምልክቱ ራሱ ነው ዱቄቱ» አለች ሺታዬ፣ ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ ስጠርገው የኖርኩት።»

ዘኪያ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ከገባት በኋላ መጀመሪያ ያየችው ወደ በቆሎው ነው። ሁለቱም ወደዚያው ሮጡ። ሺታዬ ያገኘችውን የመጀመሪያ አገዳ አናቱን ፈልቅቃ ጥቅሉን ቅጠል ገለጠችው። ውስጡ እርጥብ ሰጋቱራ በመሰለ ኩስ ተሞልቷል። ኩሱን በጣቷ ስትገፋው አንድ ወፍራም ተምች ራሱን ወደ ውስጥ ሳበ። የሚቀጥለውን ገለጠች። እዚያም አለ። የሚቀጥለውን ዘኪያ ገለጠችው፤ አይታም እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከውጭ ሲያዩት ማሳው አረንጓዴ ነው፣ ቁመናውም ያምራል። ነፋስ ሲመጣ እንደማንኛውም በቆሎ ይንሿሿል።

ሺታዬ ዕለቱን ደወለችለት፤ ኦኬሎ በማግሥቱ መጣ። አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ነው የመጣው፤ መድኃኒቱን በትከሻው ተሸክሞ። ሺታዬ ፊቱን ማየት አልቻለችም። እሱ ግን አገዳውን ከፍቶ ከፍቶ ካየ በኋላ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማዘር፣ እኔም አይቼ ነበር። እኔም ጎበዝ ብዬሻለሁ።»

ሰው ከመንደሩ ማንጎ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ኦኬሎ እንደ ልቡ በማይታዘዘው አማርኛው አስረዳ። ቀድሞ የተዘራው፣ የላይኛው ማሳ ሁሉ፣ የሺታዬንም ጨምሮ፣ ተምቹ ገብቶ በራሱ ኩስ በሩን ዘግቷል፤ መድኃኒቱ አይደርስበትም። እሱን በእጅ እየለቀሙ መጨፍለቅ ነው፣ የሚተርፈው ይተርፋል። ዘግይቶ የተዘራው የታችኛው ማሳ ግን ገና ልጅ ነው። እሱን ዛሬ ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከተረጨ ሊድን ይችላል። ነገ ከተባለ እሱም እንደ ላይኛው ነው።

ሰዎቹ ወደ ታች አዩ። የታችኛው በቆሎ ምንም የሆነ አይመስልም። ከማሳው ዳር ደግሞ የጋሽ ሷሊህ ቀፎዎች ናቸው።

በሪሁን የሚባል፣ ታች ሰፊ ማሳ ያለው ጎልማሳ፣ መጀመሪያ ተናገረ። «አምናም ይህንኑ ብለሽናል ሺታዬ» አለ። «አለ አልሽ፣ አልነበረም። ዘንድሮ የለም አልሽ፣ ነበረ። አሁን ደግሞ አለ ነው የምትይን። እኛ በየትኛው እንደር?»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሺታዬ መሬት መሬት ታያለች። ጋሽ ሷሊህ ከተቀመጡበት ተነስተው በምርኩዛቸው ወደ እሷ መጡ። ቁመታቸው ረጅም ነው፤ ጎንበስ ብለው ነው ያናገሯት፣ ሌላው እንዳይሰማ ይመስል።

«አንቺ ልጅ፣ የታችኛው ላይ ምን አየሽ?»

«ባልዲውን ወደዚያ ወስጄ ሰቅዬው ነበር» አለች። ይህን ለማንም አልነገረችም ነበር፤ ለአስማረም። «ትናንት ሲመሽ። ዛሬ ጠዋት ሳልነካቸው አየኋቸው።»

«እና?»

«ነጭ ናቸው። ቅጠሉም ሥር ሥሩ ተፍቋል። ጎንበስ ካላሉ አይታይም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ሺታዬ ዕድሜዋን ሙሉ የሸሸችው ጥያቄ ይሄ ነው። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችው፤ ጫፉ ግራጫ መሆኑን አይታ ለቀቀችው።

«ነኝ» አለች። «ንቦቹን ግን አንቱ ያውቃሉ። መድኃኒቱ ይደርስባቸዋል።»

ጋሽ ሷሊህ ሌላ አልጠየቁም። ወደ በሪሁን ዞረው፣ ሲመሽ ንቡ ሲገባ የቀፎዎቹን አፍ በእበትና በጭቃ እንደሚደፍኑ ተናገሩ። ከታፈነም እንግዲህ ይታፈን አሉ። ንብ ሌላ ይመጣል፣ ልጆቹ ግን በቆሎ ነው የሚበሉት። ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ ቀፎዎቹ ሄዱ። ዘኪያ ከኋላቸው እበት ልትሰበስብ ስትሄድ በሺታዬ አጠገብ አለፈች፤ ሰፌዱንም አልጠየቀቻትም።

ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ወንዶቹ መርጫውን ተሸክመው ወደ ታች ወረዱ። አስማረም ከእነሱ ጋር ሄደ፤ ታች ማሳ የለውም፣ ግን ሄደ። ሺታዬ ላይ፣ በራሷ በቆሎ ውስጥ ቀረች። ከአገዳ ወደ አገዳ እየሄደች አናቱን ትፈለቅቃለች፣ ታወጣለች፣ ትጨፈልቃለች። አንዱን ረድፍ ጨርሳ ዞር ስትል ማሳው ምንም ያልተነካ መሰላት። ተምቹን ስታወጣ እምብርቱም አብሮ የሚወጣው ብዙ ነበር። እንደዚያ የሆነውን እያየች አለፈችው። ለዓመቱ ስንት ኩንታል ይተርፋል ብላ አላሰበችም፤ ለማሰብ ፈራች።

ብርሃኑ ቢጫ ሲሆን ከበቆሎው ሥር አንድ የእሳት እራት ተነሳ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ከረድፉ ሁሉ፣ ማንም ሳይነካቸው፣ እየተንቀጠቀጡ ወጡ፤ ፊቷን እየነኩ፣ ነጠላዋ ላይ አርፈው እየተነሱ። ቀድሞ ያደገው ተምች ነበር፣ አፈር ውስጥ ገብቶ ክንፍ ሲያበቅል የሰነበተው። ሺታዬ ባለችበት ቆመች። እዚሁ የሚዞሩ መስሏት ነበር። ግን ከአገዳው በላይ ከፍ ብለው ነፋሱ ላይ ወጡ፤ ነፋሱ ወደ ፀሐይ መግቢያ ነው የሚሄደው። ወደ ኢታንግ፣ ወደ ባሮ ዳር በቆሎ። እዚያ ያለው ሰው ዛሬ ማታ በሩ ላይ ተቀምጦ ስለሌላ ነገር እያወራ ይሆናል።

ስልኳን ከመቀነቷ አወጣች። ኦኬሎ ታች ማሳው ውስጥ ነው፤ ከዚህ ብትጣራ አይሰማትም። ከዚህ በፊት ለማንም ስትደውል ምን እንደምትል ቀድማ ለራሷ ታጠና ነበር። አሁን አላጠናችም።

«ኦኬሎ» አለችው ገና ሲያነሳው። «ሄዱ። ወደ ኢታንግ ነው የሄዱት፣ ብዙ ናቸው። እዚያ ያሉትን ደውልላቸው። ክንፉን አትንኩ በላቸው። እንደ እኔ እንዳይጠርጉት። ሰማኸኝ? እንዳይጠርጉት ነው የምልህ።»

በስልኩ ውስጥ መርጫው ሲፏጭ ይሰማታል። ከዚያ እሱም ጠፋ። ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው፤ ኔትወርክ የለም። ከየትኛው ቃል ላይ እንደተቆረጠ አላወቀችም። እንደገና ደወለች። ያቺ የስልክ ሴትዮ በሚያምር ድምጿ ማግኘት እንደማይቻል ነገረቻት። ሺታዬ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በቆሎውን እየገፋች፣ ሰዎቹ ወዳሉበት ወደ ታች መሮጥ ጀመረች።